ካፒቴኑን አታውርዱት

ቡድናችን በገዛ ሜዳው የተሸነፈ ዕለት እናቴ ሬዲዮኑን ፎጣ አለበሰችው። ዓሣ የምትቀድበትን ቢላ አስቀመጠች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ከዚያ እንደ ሬሳ ፊት ቀስ ብላ ሸፈነችውና ከእንግዲህ በዚህ ቤት ክሪኬት የሚባል ቃል እንዳይነሣ አወጀች። አዋጁን ያፈረሰችውም ራሷ ናት። ራት ላይ ሹካዋን አየር ላይ አቁማ፣ «ቆይ፣ ያቺን የመጨረሻዋን ኳስ ምን ብሎ ነው ዝም ብሎ ያያት?» አለች።

እኔ ስምንት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኝ ነበር። ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ቡድናችን በሜዳው ተሸንፎ ስለማያውቅ መሸነፍ የሚባል ነገር መኖሩንም በደንብ አላውቅም። በዚያን ቀን ግን መንደራችን ቴንት ቤይ ጭር አለ። መረብ ሲጠግኑ የሚዘፍኑት ሰዎች ዝም ብለው ጠገኑ። ላይል የሚባለው የአውቶቡሱ ሹፌር ሁልጊዜ ቁልቁለቱ ላይ ሲደርስ የሚነፋውን ጥሩምባ ሳይነፋ አለፈ። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነበር፤ የፋሲካ ዕረፍት ስለነበር ነገ ምን እንደምጫወት።

አሁን ሳስበው ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በእናቴ ምክንያት ነው። የቡድኑን መሪ በስሙም በማዕረጉም ጠርታው አታውቅም፤ «ያ መልከ መልካም» ነው የምትለው። አጎቴ ኤቨርተን ሊያናድዳት ሲፈልግ «መልከ መልካምሽ ዛሬ በዜሮ ወጣ» ይላታል። ካፒቴን የሚለው ስም በቤታችን የተያዘ ነበር። ካፒቴን ማለት አያቴ ነው፤ የእናቴና የኤቨርተን አባት፣ በሟች ሚስቱ ስም የተሰየመችው የ«ሚስ ኢና» ጀልባ ባለቤት። ቄሱም ፖሊሱም ካፒቴን ይሉታል። ሌላ ስም እንዳለው ያወቅሁት ስሙን በሆስፒታል ወረቀት ላይ ስጽፍለት ነው።

ከካፒቴን ጋር ሁለት ሥራ ነበረኝ። አንደኛው ጋዜጣ ማንበብ ነው፤ አነባበብሽ ደስ ይለኛል ስለሚለኝ የሞት ማስታወቂያው ሳይቀር አነብለታለሁ። ሁለተኛው የበለጠ ያኮራኝ ነበር። በየቀኑ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢጫ ቀሚሴን ለብሼ ከባሕሩ ዳር ካለው ትልቁ ድንጋይ ላይ እቆማለሁ። ፊት ለፊቴ ከውኃው ሥር የድንጋይ ጥርስ ከዳር እስከ ዳር ተደርድሯል፤ ጀልባ የሚያሳልፈው አንድ ጠባብ በር ብቻ ነው። «ከባሕር ስመለስ መጀመሪያ የማየው ሰው አንቺ እንድትሆኚ እፈልጋለሁ» ነበር ያለኝ። ቀሚሱ ሲያጥረኝ ራሱ ከተማ ወርዶ ሌላ ቢጫ ጨርቅ ገዛና እናቴ ሰፋችልኝ። ትምህርት ቤት ውስጥ እንደ እኔ በአያቷ የተወደደች ልጅ የለችም ብዬ አምን ነበር።

በተሸነፍን ማግስት እናቴ ጨው ግዢ ብላ ወደ ሚስ ኦድሪን መጠጥ ቤት ላከችኝ። ሚስ ኦድሪን ሩም ከሚባለው አረቄ ሌላ ጨውም፣ ሳሙናም፣ ክርም ትሸጣለች። ስልክና ትልቅ ሬዲዮም ያለው እሷ ዘንድ ነው። በሩ ጋ ስደርስ ውስጥ ጉባኤ ነበር። ልጅ ገብቶ ነገር እንዳያቋርጥ ስለሚቆጡ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

የሚናገረው ሚስተር ስኪት ነበር። ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ግማሹን መንደር ያስተማረው፣ ሌላውን ግማሽ የገረፈው እሱ ነው። ሲናገር ቃሉን እንደ ጥቁር ሰሌዳ ጽሑፍ እያሰመረ ነው።

«የካፒቴኑ ነገር አልቋል» አለ። «ዓይኑ ከድቶታል። አጠገቡ ካልደረሰ በቀር አያየውም።»

«ሁሉም ያውቃል እኮ» አለ ላይል። «የሚነግረው ጠፋ እንጂ።»

ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ ማውራት ጀመሩ። አንዱ ለአሥራ አምስት ዓመት ያገለገለ ሰው እንደ አሮጌ ጫማ አይጣልም አለ። ሌላው ውለታ ሌላ፣ መምራት ሌላ ነው ብሎ መለሰለት። ለወጣቱ ይልቀቅ የሚልም ነበር። በመጨረሻ ሚስተር ስኪት ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ዱቅ አደረገና፣ «ወይ በፈቃዱ ይወርዳል፣ ወይ እናወርደዋለን። ያለዚያ ሁላችንንም ይዞን ነው የሚሰጥመው» አለ።

 ባለፈው ሳምንት ካፒቴን ሻዩን ከሲኒው አጠገብ ሲቀዳ አይቼው ነበር፤ ጠረጴዛውን ጠርጌ ለማንም አልተናገርኩም። ለካ አገሩ ሁሉ አውቆታል።

በዚህ መሀል ራሱ ካፒቴን ቁልቁለቱን መጣ። እኔን አልፎ ሲገባ ውስጥ ያለው ወሬ ጸጥ አለ። ስላሙት አፍረው መሰለኝ። ዛሬ የማውቀው ግን ሌላ ነው፤ ዝም ያሉት ካፒቴን ያንን የክሪኬት ቡድን መሪ እንደ ልጁ ስለሚከላከልለትና የምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ስለሚሟገታቸው ነው። እንደ ፈሩትም ሆነ። ሩሙን አንድ ጊዜ ፉት አለና ቆሞ ተናገረ።

«ሰምቻችኋለሁ። እናንተ ሁሉን ነገር በዓይን የሚሠራ ይመስላችኋል። ሠላሳና አርባ ዓመት የያዙት ሥራ በእጅ ይታወቃል፤ በነፋሱ ይታወቃል። እሱን አውርዳችሁ ማንን ልታስቀምጡ ነው? ትናንት ጡት የጣለ ሕፃን?»

 ድምፁ እንዲህ ሲንቀጠቀጥ ሰምቼ አላውቅም። በዚያች ደቂቃ ስለ ራሱ እየተከራከረ መሆኑን እርግጠኛ ነበርኩ። ክሪኬቱን ከጀልባው አምታትቼዋለሁ፣ እውነት ነው። ግን ካፒቴንም በዚያ ዓመት ሁለቱን ለይቶ ያየ አይመስለኝም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ካፒቴን ከወጣ በኋላ ሚስተር ስኪት ነገ ከስድስት ሰዓት ዜና ቀጥሎ ሬዲዮ ጣቢያ እንደሚደውል ለጉባኤው አስታወቀ። ሕዝብ እየደወለ የልቡን የሚናገርበት ፕሮግራም ነበር፤ ደሴቱ ሁሉ ምሳውን የሚበላው እሱን እየሰማ ነው። የሚናገረውን በወረቀት ጽፎ ጨርሷል፤ ካፒቴኑ በአስቸኳይ እንዲወርድ። እኔም ጨዉን ሳልገዛ ቤቴ ተመለስኩና እናቴ ተቆጣችኝ።

በማግስቱ ካፒቴንና ኤቨርተን እንደ ወትሯቸው ባሕር ወጥተዋል። እኔ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሚስ ኦድሪን ዘንድ ደረስኩ። እሷ ጓሮ ዓሣ ትጠብሳለች፤ ወንዶቹ ዛፉ ሥር ዶሚኖ ያፋጫሉ። የጣቢያውን ስልክ ቁጥር የፕሮግራሙ አቅራቢ እያዜመ ስለሚናገረው በደሴቱ የማያውቀው ሕፃን የለም። የቢራ ሣጥን ገልብጬ ወጣሁበትና ስልኩን አነሣሁ። አንዲት ሴት ጠብቂ አለችኝ። ጠበቅሁ። ዜናው አለቀ፤ ወንዶቹ ብርጭቆ ብርጭቋቸውን ይዘው ወደ ሬዲዮኑ ገቡ። ሚስተር ስኪት ወረቀቱን ዘርግቶ ሲመጣ እኔን ስልኩ ላይ አገኘኝ። ውረጂ ሊለኝ አፉን እንደ ከፈተ የአቅራቢው ድምፅ በጆሮዬም በሬዲዮኑም መጣ።

«የመጀመሪያዋ ደዋያችን መስመር ላይ ነች። ማን ልበል?»

«ማርቫ። ከቴንት ቤይ።»

«ማርቫ፣ ሬዲዮኑን ቀንሺልኝ። ስንት ዓመትሽ ነው?»

ላይል ሮጦ ሬዲዮኑን ቀነሰው። ዕድሜዬን ተናገርኩ። አቅራቢው ሳቀና አንቺም ስለ ካፒቴኑ ነው እንዴ የደወልሽው አለኝ።

«አዎ ጌታዬ። ሚስተር ስኪት ሲደውል እንዳትሰሙት። ካፒቴኑን አታውርዱት።»

«ለምን አናወርደውም?»

«ሌላ ሥራ አያውቅም።»

ከኋላዬ አንድ ሰው ሲስቅ ሰማሁ። አቅራቢውም በጣም እየተደሰተ ነበር። «ማርቫ፣ ሰዉ እኮ ዓይኑ ደክሟል ነው የሚለው» አለ።

«ሩቅ አያይም እንጂ ቅርቡን ያያል» አልኩ። «ደግሞ እኔ አለሁለት። ቢጫ ቀሚሴን ለብሼ ድንጋዩ ላይ እቆማለሁ፤ እኔን ይለየኛል። በእኔ ትክክል ቀጥ ብሎ ይገባል። አንድ ቀን ታምሜ ስቀር ጀልባዋን ድንጋዩ ጫራት። ከዚያ ወዲህ ታምሜ አላውቅም።»

ከኋላዬ ያለው ሳቅ ቆመ። የአቅራቢውም ድምፅ ተለወጠ።

«የኔ ልጅ፣ የምን ካፒቴን ነው የምትይኝ?»

«አያቴ ነዋ።»

 ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አያትሽን የሚያወርድ ሰው እዚህ የለም። እኛ የምናወራው ስለ ክሪኬቱ ነው» አለኝ።

«አያቴ ክሪኬት አይጫወትም» አልኩት።

ስልኩን ሳስቀምጥ ሚስተር ስኪት ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ሲከት አየሁ። አልደወለም። ሁሉም ወደ ባሕሩ ያያሉ። ሚስ ኦድሪን ከጓሮ መጥታ ከሣጥኑ ላይ አወረደችኝና ዳቦ ውስጥ ያለ ትኩስ ዓሣ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። አሸንፌያለሁ ብዬ ዓሣዬን በላሁ።

ጀልባዋ ላይ የሆነውን ያወቅሁት ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ኤቨርተን በልጁ ሠርግ ቀን ሲነግረኝ ነው። ክሪኬት ለመስማት ትንሽ ሬዲዮ የጀልባዋ እንጨት ላይ አስረው ይሄዱ ነበር። ድምፄ ሲመጣ ኤቨርተን ጆሮውን አላመነም። ካፒቴን ሊያጠፋው እጁን ሰደደ፤ ጣቶቹ ግን መዝጊያውን ፈልገው አጡት። ኤቨርተንም እያየ ሊረዳው አልቻለም፤ ከረዳው ማወቁ ሊታወቅበት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የአባቱን ዓይን እንደማያውቅ ሆኖ፣ በሩ ጋ ሲደርሱ በልቡ እየጸለየ ነበር የኖረው። እኔ የመጨረሻውን ቃል እስክናገር ሁለቱም ሰሙ። ካፒቴን፣ «የቀሚሷ ቀለም ሳይቀር አገር ሰማ ማለት ነው» አለና መረቡን መሳብ ቀጠለ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድንጋዬ ላይ ወጣሁ። እንደ ሌላው ቀን ብቻዬን አልነበርኩም። እናቴ ሽርጧን ሳትፈታ መጥታለች፤ ወንዶቹ ቁልቁለቱን ወርደው አሸዋው ላይ ተሰልፈዋል።  «ሚስ ኢና» ብቅ አለች፤ ከድንጋዩ ጥርስ ውጪ ስትደርስ ሞተሯ ጠፋ። ባሕሩ ያነሣታል፣ ያስቀምጣታል። ካፒቴን ከመሪው ተነሣ። ጀልባ ላይ ቦታ መለዋወጥ ቀላል አይደለም፤ ኤቨርተን ክንዱን ያዘው፣ አሳለፈው፣ ሄዶ መሪው ጋ ተቀመጠ። ሞተሩ ተነሣ። ጀልባዋ በበሩ ገባች፤ ካፒቴን ከፊት ከዓሣው ጋር ተቀምጦ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ተሳፋሪ መግባቱ ነበር።

ያወረድኩት እኔ መሆኔ ያኔ ገባኝ። ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ካፒቴን አጠገቤ አልፎ ሄደ። ዕንባዬን ችላ ያለ መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር አላየኝም፤ ስለ ተቀመጥኩ ከድንጋዩ አልለየኝም።

ሦስት ቀን ባሕር አልወጣም፤ ሦስት ቀን አላናገረኝም። ምግብ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ እናቴን «ልጅሽን ጨው ታቀብለኝ በያት» ይላታል። እናቴም «ማርቫ፣ ጨው አቀብይው» ትለኛለች። አቀብላለሁ። «አመሰግናለሁ በያት» ይላል። እናቴ ሁለተኛው ቀን ላይ ትዕግሥቷ አልቆ የጨው ዕቃውን መሀል ላይ ዱቅ አድርጋ ተነሣች። የተቆጣኝ መስሎኝ ነበር። ሰው ሲያፍርም እንደ ተቆጣ ዓይነት እንደሚሆን ለማወቅ ገና ልጅ ነበርኩ።

በአራተኛው ቀን ሚስተር ስኪት ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ መጣ። በረንዳው ላይ ለካፒቴን የነገረውን በመስኮቱ ሥር ሆኜ ሰማሁት። ከጡረታው በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ የኋላ ወንበር ተማሪዎችን ፊት ለይቶ አያውቅም ነበር። በድምፃቸው ነው የሚጠራቸው፤ አንዳንዴ ያላጠፋውን ልጅ ገርፏል። ልጆቹ አውቀው ቦታ እየተለዋወጡ ይጫወቱበት ነበር። ከዚያ ከተማ ሄዶ የዓይን ሞራውን አስገፈፈ፤ ለሰው ግን ለጥርሱ ነው ብሎ ዋሸ።

«አሁን ያንተን የክሪኬት መሪ አውርዱት የምለው ለዚህ ነው» አለው። «እኔ ራሴ ማንም ስላላወረደኝ አፍራለሁ።»

ካፒቴን፣ «ያማል?» ብሎ ጠየቀ።

«ከጥርስ ያንሳል።»

ሚስተር ስኪት ሄዶ ብቻውን ሲቀር ካፒቴን በመስኮቱ በኩል ነይ ውጪ አለኝ። ለካ መተንፈሴን ሰምቶት ኖሯል። ፊቱ ቆምኩ።

«ድንጋዩ ላይ ነፋሱ አይበርድሽም ነበር?»

«ይበርደኝ ነበር።»

«ታዲያ ምነው አልተናገርሽም?»

«ሥራ ነው ብዬ።»

ሳቁ ከየት እንደ መጣ አላውቅም፤ ወንበሩ እስኪንቋቋ ሳቀ። ዕንባውን በሸሚዙ እጅጌ እየጠረገ፣ አንዳንዴ ዓይኑ እያየለት ሳለ እንኳ ቁሚልኝ ይለኝ እንደ ነበር ነገረኝ። እውነቱን ይሁን እኔን ለማጽናናት እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ሁለቱንም ማመን መርጫለሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ከተማ ስንሄድ ያደረሰን ላይል ነው። አውቶቡሱ ካፒቴንን፣ ሚስተር ስኪትን፣ እናቴንና እኔን ይዞ መንገዱን ሁሉ ክርክር ነበር። ዓይኑን ለማስታከም የሚሄደው ካፒቴን ከሁሉም በላይ ይጮሃል፤ ያንን የክሪኬት መሪ መከላከሉን አሁንም አልተወም። ቀዶ ጥገናው ተደርጎ በፋሻ ተሸፍኖ ቤት በተኛበት ቀን ሬዲዮው ዜናውን አመጣ። የክሪኬቱ መሪ በገዛ አንደበቱ በቃኝ አለ። ድምፁ ረጋ ያለ ነበር። የቡድን ጓደኞቹን አመሰገነ፣ የሚተካውን ልጅ ታገሡት ብሎ ሕዝቡን ለመነ። እናቴ አለቀሰች። መጠጥ ቤት የነበሩት እንደ ነገሩን ሚስተር ስኪት፣ ይሄንን ቀን ሲጮህለት የከረመው ሰው፣ ባርኔጣውን አወለቀና ደስ አለኝ የሚል ቃል አልወጣውም። ካፒቴን ፋሻው ውስጥ ሆኖ፣ «ጎበዝ። በሰዓቱ ወረደ» አለ። ከዚያ ኤቨርተንን አስጠራና የ«ሚስ ኢና»ን መሪ በይፋ አስረከበው። እሱም ከፊት ተቀምጦ መረብ ሊስብ፣ ሲያሻውም በኤቨርተን ላይ ሊነጫነጭ ተስማሙ። በሁለተኛው ጉዳይ ላይ ቃሉን ከሚገባው በላይ ጠብቋል።

ፋሻው ከተፈታ በኋላ የመጀመሪያው ጉዞው ወደ ሚስ ኦድሪን ቤት ነበር። ወንዶቹ ስለ አዲሱ የክሪኬት መሪ ተፋጠዋል፤ አንዱ ገና ልጅ ነው ይላል፣ ሌላው ልጅ መሆኑ ነው ጥሩ ይላል። ካፒቴን በሩ ላይ ቆሞ አንድ በአንድ አያቸው። ላይልን አየ፣ ሚስ ኦድሪንን አየ፣ ሚስተር ስኪት ላይ ቆየ።

«ስኪት» አለ፣ «ፀጉርህ እኮ ነጭ ነው።»

«ሁለት ዓመቱ» አለ ሚስተር ስኪት።

«ሁላችሁም አርጅታችኋል። እኔ ብቻዬን ያረጀሁ መስሎኝ ስደበቃችሁ ነው የኖርኩት።»

መቀመጫ ለቀቁለት። እሱ ግን አልተቀመጠም። ከኋላው የቆምኩትን እኔን ዞሮ ፈለገኝ፤ እጄን ይዞ ፀሐይ ወደሚገባበት መስኮት ወሰደኝ። አገጬን በሁለት ጣቱ ቀና አደረገው። ከሩም ይልቅ ዓሣና ሳሙና ነበር የሚሸተው። ግንባሬን፣ ቅንድቤን፣ ባለፈው ወር የወለቀውን ጥርሴን አየ። ሰዎቹ ስለ ክሪኬቱ የሚሉትን አቁመው ይጠብቁን ነበር።

«የእናቴን አፍንጫ ነው የያዝሽው» አለኝ። «ሁለት ዓመት ሙሉ እኮ ማንም አልነገረኝም።»